የክረምት ዘይት በታኅሣሥ

ኅዳር 27

ሽንኩርቱ ተተክሎ አለቀ። ወገቤ የለም። ሩዙ ከታጨደበት ማሳ ላይ ከብቶቹ ተበትነው ገለባውን ይለቅማሉ። ይልቀሙ።

ዛሬ ተራዬ ነበር። ጠዋት የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ጉማራ ወንዝ ዳር አወረድኩ። ገመዱን ጎተትኩ፣ ጎተትኩ… እጄ ተላጠ። አንዴማ መልሶ እኔኑ ጎተተኝ፣ የእጄ አንጓ አሁንም አብጧል። በመጨረሻ እያጉረመረመ ተነሣ። ቀትር ላይ አጥፍቼ ባስነሣው ደግሞ አንዴ ነካ ሳደርገው ተነሣ። ያው ሞተር፣ ያው ቤንዚን፣ ያችው እኔ። ጠዋት ምን ይነካዋል?

ሞተሩ የሦስታችን ነው። የኔ፣ የባሌ ወንድም የደሳለውና የመሪጌታ ወልደ ሥላሴ። አዋጥተን የገዛነው ዘንድሮ ነው። የራሴ ነበረኝ… ባሌ ታደለ ከመሞቱ በፊት የገዛው። አምና በእጄ ላይ ደርቆ ቆመ። ጎተራው ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አገሩ "ያለ ዘይት አስነሥታ ገደለችው" አለ። ጨምሬ ነበር። ለማን ልማል?

ታኅሣሥ 3

ጠዋት ያው ትግል። ማናዬ ከወንዙ ማዶ ካለው ማሳዋ ሆና "ሰገን፣ ጥጃ ነው እንዴ የምትጎትቺው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቅኩ እኔም። ምን ላድርግ?

ከሰዓት ደሳለው መጥቶ የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ አየ። አይቶ እኔን አየኝ። ጎድሎ ቢያገኝ ደስ ባለው ነበር። ሙሉ ነው።

"ጠዋት አልነሣ እያለኝ ነው" አልኩት።

"የወንድ ክንድ ይፈልጋላ።"

አንተስ ስታስነሣው ገመዱን ስትረግም እስከዚህ ይሰማል አላልኩትም። ማለት ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 8

መጣልኝ። የጠበቅሁት ነገር መጣልኝ።

ደሳለው ቁጭ ብሎ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ… "እታለም፣ ለራስሽ ብዬ ነው። የአምናውን ሞተር ቀበርሽው። ይሄ ደግሞ የጋራ ነው። መሬቱን በእኩል ስጪኝ። አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ፣ ግማሹን ምርት ደጃፍሽ ድረስ አመጣልሻለሁ።"

ግማሹን! በገዛ መሬቴ!

ታደለ ሲሞት መሬቱን ያልሰጠሁት ለዚህ ነው እንዴ? ያኔም ሦስት ሰው ጠይቆኛል። አንዴ በእኩል የወጣ መሬት ሲመለስ አላየሁም። መጀመሪያ ምርቱን ያካፍላል፣ ቀጥሎ ድንበሩን ይረሳል፣ ቀጥሎ "አባቴም ያርሰው ነበር" የሚል ልጅ ይመጣል።

"አይሆንም" አልኩት።

"ሞተሩ እንደገና ከደረቀብሽ እኮ ማኅበሩ አይታገስሽም።"

ማኅበሩ! ሦስት ሰው ነን።

ታኅሣሥ 9

ማታ ያልገባኝ ዛሬ ገባኝ። ሞተሩ ጠዋት ካልተነሣልኝ ተራዬ ያልፋል። ተራዬ ካለፈ ሽንኩርቱን ውሃ ይጠማዋል። ሽንኩርቱን ከጠማው መሬቱ ደሳለው እጅ ይገባል። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ገመድ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 12

ሞተሩን አጠብኩት። ከጎኑ ጭቃ የለበሰ ወረቀት ተለጥፎበት ኖሯል፣ ሲታጠብ ወጣ። ሥዕል ነው። የሙቀት መለኪያ፣ እንደ ጤና ጣቢያው ዓይነት፣ ግን የተጋደመ። ከሥሩ ዘንግ ዘንግ የሚመስል ነገር አለ፣ በያንዳንዱ ዘንግ ላይ የዘይት ቁጥር። አሥር-ደብሊው-ሠላሳ የሚለው ዘንግ ረጅሙ ነው፣ ከብርዱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሙቀቱ ጫፍ ይሄዳል። ሠላሳ ብቻ የሚለው ብርዱ ጋ አይደርስም፣ ከመሀል ነው የሚጀምረው። ሃምሳ የሚባል ጭራሽ የለም።

እኛ የጨመርንበት ሃምሳ ነው! ደሳለው ነው ኅዳር ሲገባ "በጋ ገባ፣ የበጋ ዘይት ይደረግለት" ብሎ የቀየረው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ወረታ ከተማ ዘይት የሚሸጠውና ሞተር የሚጠግነው አያ ገበያው ያስተማረን ነው፦ ደብሊው በፈረንጅ አፍ ክረምት ማለት ነው። ደብሊው ያለበት የክረምት ዘይት፣ ሰኔ ላይ ይጨመራል። ደብሊው የሌለበት፣ ወፍራሙ፣ የበጋ። በጋ ፀሐይ ነው፣ ፀሐይ ዘይት ያቀጥናል፣ ስለዚህ ወፍራም። ትክክል ይመስላል እኮ። እኔም አምና እንዲሁ አድርጌያለሁ፣ ደሳለው ራሱ በሰጠኝ ሃምሳ።

ታዲያ ሥዕሉ ላይ ክረምትና በጋ የት አለ? ዝናብ አልተሳለበትም። የተሳለበት የሙቀት መለኪያ ነው።

ታኅሣሥ 17

ሳቄን ማቆም አልቻልኩም። ብቻዬን!

ጓያውን እያረምኩ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ዜና ነው። "በአውሮፓ የክረምቱ ብርድ በርትቶ በረዶ መንገዶችን ዘግቷል" አለ ሰውየው።

ክረምቱ? በታኅሣሥ?

ቀና አልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንዲት ደመና የለችም። እጄ ግን ከጠዋቱ ውርጭ ገና አልተፈታም። ፈረንጅ ክረምት የሚለው ዝናቡን አይደለም… ብርዱን ነው! የነሱ ክረምት አሁን ነው። ደብሊው የብርድ ነው። እኛ ደግሞ የብርዱን ዘይት በሐምሌ ጨምረን፣ ብርዱ ሲመጣ አውጥተን እንጥላለን።

አንድ ቃል። አንድ ቃል ነው እጄን የላጠው።

ታኅሣሥ 18

ለመሪጌታ ልነግራቸው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ ሄድኩ። ወራት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው።

"መሪጌታ፣ ክረምት መቼ ነው?"

"ምን ሁነሻል ልጄ? ከሰኔ ሃያ ስድስት እስከ መስከረም ሃያ አምስት ነዋ።"

"በታኅሣሥ ክረምት ነው የሚል ሰው ቢመጣስ?"

"ባሕረ ሐሳብ አልቆጠረም እለዋለሁ።"

"የፈረንጅ ቢሆንስ?"

ጢማቸውን ያዙ። "የነሱን እነሱ ይወቁት" አሉኝ። ሞተሩን ነገርኳቸው፣ ሥዕሉን፣ ሬዲዮውን። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ደሳለውን ሰብስበን እንነጋገራለን" ብለው ሸኙኝ። አላመኑኝም። አልካዱኝም ግን።

ታኅሣሥ 22

ወረታ ወርጄ አሥር ሠላሳውን ገዛሁ። አያ ገበያው ጣሳውን ይዞ አልለቅም አለ።

"በዚህ ወር? የክረምት እኮ ነው፣ ሰገን።"

"አውቃለሁ።"

"ፀሐይ ያቀልጠዋል። በኋላ ገበያው ሸጠልኝ እንዳትይ።"

"አልልም፣ አያ ገበያው። እጅህን አንሣልኝ።"

ከአጠገቤ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ቆመው ነበር። ሳቁ። ይሳቁ። ጥርስ ያለው ይስቃል።

ታኅሣሥ 24

ተራዬ ነበር። ሳይነጋጋ ሃምሳውን አወረድኩ። መውረድ ይባላል? ተንጠባጠበ… ተንጠባጠበ… ቆሜ ጸሎቴን ጨረስኩ፣ እሱ አልጨረሰም። አሥር ሠላሳውን ጨመርኩ። ጎተትኩ። ጎተትኩ። በሦስተኛው ተነሣ!

አንጓዬ አላመመኝም። ማናዬን ጠራሁና "ጥጃዋ ለመደች!" አልኳት።

ታኅሣሥ 26

ደሳለው በተራው ዘይቴን አውርዶ ሃምሳውን መልሶ ጨመረበት። ያወረደውን መሬት ላይ ነው የደፋው፣ ያልተሠራበት ዘይት! ወንዙ ዳር ጠቁሮ አየሁት። ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሰማ። ይስማ።

"የክረምት ዘይት በበጋ ጨምረሽ ይሄንንም ልትገድዪው ነበር" ይላል። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" አለኝ ደግሞ፣ በማኅበረተኛ ፊት።

እንዲያልቅ ለሱ አልሰጠሁትማ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ስለ ዘይት አልጽፍም ዛሬ።

ጥር 2

ፈተንኩት። ሃምሳውንና አሥር ሠላሳውን በሁለት ጠርሙስ አድርጌ ውጭ አሳደርኩ። ጠዋት ውርጩ ሳይነሣ ደሳለውንና መሪጌታን ጠርቼ በፊታቸው ሁለቱንም አዘነበልኩ። አሥር ሠላሳው ወረደ። ሃምሳው አፉ ላይ ተዘርሮ ቀረ፣ ማር ይመስል።

"ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ መድረስ ያለበት ወዲያው ነው። ይሄ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል" አልኩ።

ደሳለው ምን ቢል ጥሩ ነው? "አያችሁ! ያንቺው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቀጭን ነው፣ ጉልበት የለውም። ይሄ ግን ጨዋ ነው፣ አይንዘላዘልም።"

ጨዋ! ዘይት ጨዋ ሲሆን ሰማሁ።

ቀትር ላይስ እንዳይቀጥን ያሉት መሪጌታ ናቸው፣ የሳቸው ጥያቄ የደግ ነበር። መለስኩላቸው፦ ቁጥሩ ሁለት ነው። የፊተኛው፣ አሥሩ፣ ለጠዋቱ ብርድ ነው፣ ባነሰ ቁጥር በብርድ ፈጥኖ ይሮጣል። የኋለኛው፣ ሠላሳው፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላ የሚኖረው ውፍረት ነው፣ ሥዕሉ ላይ እስከ ሙቀቱ ጫፍ የተዘረጋው ለዚያ ነው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እሺ ነው? አይደለም? ከመሪጌታ ፊት ማን ያነባል?

ጥር 6

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተነሣ ነገሩ። ደሳለው "ሞተሩ በአንድ እጅ ይሁን፣ በኔ። ሰገን ውሃ ስትፈልግ ትጠይቀኝ" አለ። መሪጌታ "ለጊዜው፣ ጠብ እንዳይበዛ…" አሉ። ለጊዜው።

ዳቦው በእጄ ነበር። አልበላሁትም፣ ለደሃ ሰጠሁት።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ሴት ሰንበቴ ላይ ስትነሣ ያየኝን ዓይን አልረሳውም። "ውሃ አልለምንም። መሬቴንም በእኩል አልሰጥም። ሽንኩርቱ ይድረቅ እንጂ!" አልኩ።

ይድረቅ አልኩ እንዴ? ወየው አፌ።

ጥር 10

በእንስራ። ከጉማራ እስከ ማሳው፣ ጠዋትም ማታም። ዳሩ ላይ ያለውን መደብ ብቻ አዳረስኩ። መሀሉ ቅጠሉ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ነገ ጥምቀት ነው፣ አገሩ ሁሉ ነጭ ይለብሳል። የኔ ልብስ ጭቃ ነው።

ፈራሁ ዛሬ። ለዚህ ወረቀት ብቻ ነው የምናገረው። እሺ ብለው ምናለ ብዬ አሰብኩ፣ ግማሹ ይበቃኛል ብዬ… ከዚያ የደሳለውን ጉሮሮ ጠረጋ አስታወስኩና ተናደድኩ። ንዴት ከፍርሃት ይሻላል፣ ቢያንስ እንስራ ያሸክማል።

ጥር 12

መሪጌታ ሰው ልከው ሳይሆን ራሳቸው መጡ። የተራቸውን ግማሽ ውሃ ወደኔ ማሳ ለቀቁልኝ። ደሳለው አጠገባቸው ቆሞ ያያል። መሪጌታን ማን ይከለክላል?

"ትናንት ታቦት ሳጅብ አሰብኩት" አሉኝ። "ክረምታቸው ብርዱ ከሆነ፣ ዛሬ ሌሊት የወረደብን ውርጭ ምን ሊባል ነው?"

እጃቸውን ሳምኩ።

ጥር 14

ቡራቡሬዋን ጊደር ሸጥኩ። ጥሩ የፎገራ ጊደር ነበረች፣ ቀንዷ ገና መውጣቱ። ስትሄድ ዞራ አላየችኝም፣ ደግ አደረገች።

ለምን ሸጥኩ? የጎተራውን ሥር ጎበኘሁ። የታደለን ሞተር አቧራውን ጠረግኩለት። ሞቷል የተባለው ሁሉ ሞቷል እንዴ? ማንም አልከፈተውም እኮ። ሁሉም ከውጭ አይቶ ነው የፈረደብኝ።

ጥር 16

ባጃጅ ላይ ጭኜ ወረታ፣ አያ ገበያው ጋ።

"ዘይት ሳይኖረው የደረቀ ሞተር ምኑ ይታያል?" አለኝ።

"ክፈተው።"

ከፈተው። ከሥር ያለውን ብሎን ሲፈታ… ዘይት ወጣ። ጥቁር፣ ወፍራም ዘይት። እየወጣ… እየወጣ… ማስቀመጫው ሞላ! አያ ገበያው ቆመ። እኔም ቆምኩ።

ሙሉ ነበር። ሙሉ ነበር! አንድ ዓመት ሙሉ ዘይት የረሳች ሴት ተብዬ፣ ዘይቱ ውስጡ ተቀምጦ ነበር!

ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ፣ ቢዬላ የሚሉትን፣ አወጣው። ጫፉ ተፍቆ ተበልቷል። ደርቆ እንደተፋጨ ያሳያል።

"ዘይት አለ፣ ግን አልደረሰውም" አለ ቀስ ብሎ። "ጠዋት ሲነሣ ወዲያው ውሃውን ታስጎትቺው ነበር?"

"እንዳስተማራችሁኝ።"

"ዘይቱስ ምን ነበር?"

"ሃምሳ። የበጋ። ማን ነው የበጋ ነው ያለኝ፣ አያ ገበያው?"

እጁን ሲጠርግ ቆየ። "እኔ ነኝ እንዴ?"

"አንተ ነህ።"

አለቀስኩ፣ እዚያው፣ የተፈታ ብረት መሀል። አላፈርኩም። ምስክር ያጣሁበትን ነገር ብረት መሰከረልኝ።

ጥር 19

ቢዬላው ከባሕር ዳር መጣ። አያ ገበያው ሠራው፣ ቅናሽ ሳልጠይቀው ቀነሰ። ለሚያጨስ፣ ላረጀ ሞተር ሃምሳው ጭሱን ያስታግሳል፣ ለዚያ ላስቀምጠው አለኝ። አስቀምጠው፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም አልኩት። ለኔ ግን አሥር ሠላሳ። ሲነሣ ደግሞ ትንሽ ይተንፍስ፣ ወዲያው አልጭነውም።

ጥር 24

በሁለተኛው ተነሣ። የታደለ ሞተር… ድምፁን ረስቼው ነበር። ማሳው እስኪጠግብ ድረስ አጠጣሁት። መሀሉ መደብ አንዳንዱ ሥር ሞቷል፣ አልዋሽም። የቀረው ግን ማታ ቀና ብሎ አየሁት።

የካቲት 3

ሦስት ቀን ደሳለው ጠዋት የማኅበሩን ሞተር ማስነሣት አልቻለም። ዛሬ ገመዱ እጁ ላይ ተበጠሰ። ከማዶ ሁሉ ሰው ያያል። እኔ አልሳቅሁም… ትንሽ ሳቅሁ።

የካቲት 4

ሰንበቴ። መሪጌታ ተነሡ። "ሞተሩን ሰገን ትያዘው፣ ልማዱንም እሷ ታሳየን" አሉ። ደሳለው መሬት መሬት ያያል። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ከወር በፊት ቢሆን ይሄን ለመስማት ምን ባደርግ ነበር?

"አልይዝም፣ መሪጌታ" አልኩ። "ዘይቱ አሥር ሠላሳ ነው። ብርዱ ነው ክረምቱ። ይሄን ነግሬያችኋለሁ፣ ለማንም አልደብቅም። የማኅበሩ ድርሻዬን ግን መልሱልኝ። እኔ የራሴ አለኝ።"

ደሳለው ቀና አለ። "መሬቱስ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ አሁንም!

"መሬቱም የራሴ ነው" አልኩት።

የካቲት 10

ዘይት ልገዛ ወረታ። ከፊቴ አንድ የአንበሳሜ ሰው ቆሞ "የብርድ ዘይት ስጠኝ" ይላል። የብርድ! አያ ገበያው አሥር ሠላሳውን አወረደለት፣ ምንም ሳይከራከር። እኔን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጣሳ ፈለገ። ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም። ሰውየው ጣሳውን ይዞ ሄደ።

የካቲት 14

ሌሊቱ ውርጭ ነበር፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ጠዋት ወረድኩ። አንዴ ጎተትኩ፣ ተነሣ። ትንሽ እስኪሞቅ ቆሜ ጠበቅሁት፣ እጄን ጭስ ማውጫው አጠገብ አሞቅሁ።

ከማዶ አንዲት ሙሽራ ቢጤ፣ ማናዬ ቤት የገባች አዲስ ምራት፣ እጇን ጥላ አድርጋ ታየኛለች።

"እቴ! የማን ሞተር ነው?" አለችኝ።

ታደለ የገዛው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"የኔ!" አልኳት። ጉማራን ተሻግሮ እንዲሰማ አድርጌ ነው የጮህኩት። ከዚያ ቱቦውን ዘርግቼ ውሃውን ለቀቅሁ።